ሁለቱንም የሚያሰማ

መስከረም 22

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለሽቦ፣

አገሩ ተስማምቶህ፣ ብርዱ ራርቶልህ፣ በሰላም እንዳለህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አንዳችን ተኝተን አንዳችን ቆመን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። እማዬ «ለዚያ ለቀጫጫ ጻፊለት፤ ሳይበላ እንዳያድር ንገሪው» ብላኛለች። ይኸው ነገርኩህ።

ለምን አትደውዪም እንዳትለኝ። ቀኑን ሙሉ «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልታዘዝ?» ስል ውዬ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ስልክ ላንሳ? ጆሮዬ የሰው ነው፣ የብረት አይደለም። ደግሞስ የምነግርህ ነገር በችኮላ የሚነገር አይደለም፤ ረጋ ብለህ አንብበው።

እማዬ ግራ ጎኗን ካመማት ወዲህ እጇም እግሯም እንደ ድሮው አልሆነላትም። ምላሷ ግን፣ ምን ልበልህ፣ ተስሎ ነው የተመለሰው። ሠራተኛ ባመጣላት አባረረች፤ ሌላ ባመጣላት እሷንም አባረረች። አንዷን ያባረረቻት «ስትራመድ ታዛጋለች» ብላ ነው። ሥራዬን ልተው ብል የምንበላው የለም። ስለዚህ መላ ፈጠርኩ። አሮጌውን ስልኬን ራስጌዋ አስቀመጥኩት። ድምፅ የሚያስተላልፍ አፕ ጭኜበታለሁ፤ እሷ ክፍል ውስጥ የሚሰማው ሁሉ እኔ ቢሮ ሆኜ በያዝኩት ስልክ ይመጣልኛል። አንድ ነገር ካለች ለባለሱቋ እደውላለሁ። ባለሱቋን ታውቃታለህ፣ የኛ ግድግዳ የሷም ግድግዳ ነው። የቤታችን ቁልፍ እሷ ጋ አለ።

ችግሩ ቢሮ ነው። ፍሪጅ ወይም የልብስ ማጠቢያ ገዝቶ የተበላሸበት ሰው ሲደውል የምናነሳው እኛ ነን፤ በረድፍ ተቀምጠን እንውላለን። በቀኝ ጆሮዬ የመሥሪያ ቤቱን ሄድሴት አድርጌ፣ በግራው ባለገመድ ኢርፎን ሰክቼ፣ በፀጉሬ እሸፍነው ነበር። ተቆጣጣሪያችን፣ እኛ «መነጽር» የምንላት፣ አንድ ቀን ከኋላዬ መጥታ ገመዱን ከአንገትጌዬ ውስጥ መዝዛ አወጣችው። በሰው ፊት! «እዚህ ጠረጴዛ ላይ የግል ገመድ አላይም» አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በኋላ ግን ልቧ ራራ መሰለኝ፣ ለብቻዬ ጠርታ «ገመድ አልባ ከሆነና ከኮምፒውተሩ ጋር ከሠራ የራስሽን ማምጣት ትችያለሽ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምን እንደምትሰሚበት አላውቅም፣ አልጠይቅም» አለችኝ።

እንግዲህ የምፈልገው ይኼ ነው። ከኮምፒውተሩም ከስልኬም ጋር እኩል የሚገናኝ፣ ሳይቆራረጥ የሚውል ኢርፎን። እዚህ ገበያ ሁለት ጊዜ ተሞኝቻለሁ። አንዱ ኮምፒውተሩን ሲያገኝ ስልኩን ይረሳል። ሌላው አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። አንተ የእማዬን ሬዲዮ ፈትተህ ስትገጥመው ብሎን ያስተረፍክ ሰው ብትሆንም፣ አሁን ሥራህ ከዚሁ ዕቃ ጋር ነው። ምረጥልኝ። ለጌጥ አይደለም፣ እሷን ለመስማት ነው።

ናፋቂህ
ሚጡ


ጥቅምት 14

ለእህቴ ለሚጡ፣ ለእትዬም፣

ካላችሁበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ክፉ አይንካችሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እትዬ አሁንም ሰው ታባርራለች? እግሯን ይመልስላት እንጂ ምላሷስ ለሁላችንም ይበቃል። ስለ ሬዲዮው ደግሞ፣ ብሎኑ ቢተርፍም ሬዲዮው ይሠራ ነበር። ይህን እወቂልኝ።

ለትክክለኛው ሰው ነው የጻፍሽው። የምሠራበት መጋዘን ሰው ገዝቶ የመለሰው ዕቃ የሚከማችበት ነው። እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ኢርፎን ብቻ ነው። የሰው ጆሮ ኩክ ጠርጌ (ሥራዬ ይኼ ነው፣ ለሰው እንዳትነግሪ) እሞክረዋለሁ። ግራው ይሠራል? ቀኙ ይሠራል? ባትሪው ይይዛል? ከሁለት ዕቃ ጋር ይገናኛል የተባለ ከሆነ ደግሞ ፊቴ ሁለት ስልኮች ቆመዋል። ሁለቱም ላይ «ተገናኝቷል» የሚል ጽሑፍ ከወጣ ዕቃው አልፏል፤ ወደ ደህናው ሳጥን እወረውረዋለሁ። ካልወጣ ወደ መጣያው። ቆም ብሎ ማሰብ የለም፤ ቆም ካልሽ ከኋላሽ ይከመራል።

ላንቺ ግን እንደዚያ በጥድፊያ አልመረጥኩም። አንዱ ሳጥኑ ራሱ እንደ ሽቶ ሳጥን ያምር ነበር፣ ተውኩት። ኮምፒውተር ተኝቶ ሲነቃ ስልኩን ይጥላል። ሌላው ድምፁ ጥሩ ነው፤ ግን ጆሮ ያሳክካል እያሉ ይመልሱታል፣ አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ልታደርጊው ነው። የመረጥኩልሽ ጥቁር ነው፣ ባቄላ ያህላል። ከሁለቱም ስልኮች ጋር አገናኝቼ፣ ጆሮዬ ላይ አድርጌ መጋዘኑን ዞርኩ። ብረት መደርደሪያው መሃል ገባሁ፣ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ሄድኩ። ተመልሼ ሳይ ሁለቱም ላይ «ተገናኝቷል» ይላል፤ አንዱም አልተለቀቀም። አለቃዬ አይቶኝ «ምን ሆነሃል ዛሬ?» ቢለኝ «ለአክስቴ ዕቃ እየመረጥኩ ነው» አልኩት። «አክስትህ ሙዚቃ ትወዳለች?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?

መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ፣ ቀጥሎ ከስልኩ አገናኚው። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ስትከፍቺ ራሱ ሁለቱንም ፈልጎ ያገኛል። አብሮኝ የሚኖረው ሹፌር ቤተሰቡን ሊጠይቅ ስለሚመጣ በሱ ልኬልሻለሁ።

ስለኔ ምን ይወራል? ሥራ፣ አልጋ፣ ሥራ። እትዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሜዳ ላይ ከመቅረት ያነሳችኝ እሷ ናት፤ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ሥር ተኝቼ ነው ያደግኩት። ለሷ በአንድ ነገር በመድረሴ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ወንድምሽ
ሽቦ


ኅዳር 20

ይድረስ ለሽቦ፣

እጅህ ይባረክ፣ የሰጠህበት እጅ አይጥፋ። ሹፌሩ ዕቃውን አድርሶልናል። እማዬን ሲያያት ግን አንገቱን ደፋ። በጣም ከስታለች። ባለፈው አልጻፍኩልህም፣ ምን ያደርግልሃል ብዬ።

ኢርፎኑ ግን አንደኛ ነው። ከኮምፒውተሩም ከስልኩም ተገናኘ፣ እስካሁን አንድ ቀን አልተለቀቀም። መነጽር ራሷ መጥታ አይታው «ይሄማ ያምራል» ብላ ሄደች። እማዬ ስትገላበጥ አልጋው ሲንቋቋ እንኳ ይሰማኛል።

ከሁሉ በላይ ከጩኸት ተገላገልን። ድሮ እማዬ ስልኩን አታምነውም፣ ግድግዳ እስኪነቃነቅ ነበር የምትጮኸው። ባለሱቋ ሚዛኗን ጥላ እየሮጠች ትመጣለች፤ ስትደርስ እማዬ «መጋረጃውን ዝጊልኝ» ትላታለች። ባለሱቋ ተማርራ ነበር፣ እውነቷን ነው። አሁን ቁጭ ብዬ አስተማርኳት። «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትጩሂ። ጆሮዬ ውስጥ ነሽ። በሹክሹክታ ብትናገሪም እሰማሻለሁ» አልኳት። አላመነችም። ደጅ አስወጥታ ፈተነችኝ፣ ተመልሼ ምን እንዳለች ነገርኳት። (ስለ አፍንጫዬ ነው፣ አልጽፈውም።) ከዚያ ወዲህ አመነች። አሁን ባለሱቋ «እናትሽ ተቀየመችኝ እንዴ? ድምፅዋ ጠፋ» ትለኛለች።

ቀኑን ሙሉ ቀስ ብላ ታወራኛለች። «ሚጡ፣ ደመናው ከበደ። ሚጡ፣ ይቺ ዝንብ ዛሬ አልተወችኝም።» ደንበኛ ሳነጋግር ደግሞ ዝም ትላለች። ይገርምሃል፣ ሥራ ላይ መሆኔ የሚታወቃት ይመስለኛል። ጥሪው ሲያልቅ ወሬዋን ትጀምራለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ከመሃል ነው የምትጀምረው፣ ራስ እግሩ አይገባኝም። ዕድሜ ነው መቼም።

አንድ አደራ ብቻ፣ በሥራ ቀን አትደውልልኝ። ባለፈው ዕቃው ደረሰ ወይ ልትለኝ ስትደውል የእማዬ ድምፅ ጠፋብኝ፤ እስክትዘጋው ድረስ ነፍሴ አልተመለሰችም። ደብዳቤ ይሻለናል።

ሚጡ


ታኅሣሥ 16

ሽቦ፣ ደህና ነህ ወይ?

መልስ ጠፋ። ታመህም ከሆነ፣ ተቀይመኸንም ከሆነ ንገረን፤ ዝምታ ግን አይሆንም። እኔ የግራው ኢርፎን ጎማ ጠፍቶብኛል። ትርፍ ካለህ ላክልኝ፣ ከጆሮዬ እየወደቀ አስቸግሮኛል።

እማዬ «ልናገር፣ ጻፊልኝ» እያለች ነው። እንዳለችው እጽፋለሁ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ። አልሞትኩም። የላክኸው ነገር ጥሩ ነው፤ የሚጡ ጆሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። መጮህ ትቻለሁ፣ ጉሮሮዬም አረፈ። ድሮ ስጣራ፣ ሰው ይመጣ ይሆን ወይስ አይመጣ እያልኩ ልቤ ይደልቅ ነበር። አሁን አንዴ ተናግሬ ዝም ነው። ሰምታኛለች እላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ዕረፍት አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። አንተ ግን ብላ። ሚስትም ፈልግ፣ ሽቦ እንደሆኑ መቅረት የለም።»

በቃኝ አለች፣ ደከማት።

ሚጡ


ጥር 2

ለእህቴ ለሚጡ፣ ለእትዬም፣

ጤናና ሰላም ከናንተ አይለይ። ስለዘገየሁ ይቅር በሉኝ። አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩምም። ከኢርፎኑ ጠረጴዛ አንስተው ስክሪን ወደሚፈተሽበት ቀየሩኝ፣ ሥራው አዲስ ሆኖብኝ ነው። ጀርባዬ አለቀ። ስክሪን እንደ ኢርፎን አይወረወርም፣ ተሸክመሽ አንስተሽ ተሸክመሽ ማስቀመጥ ነው። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ነው የምንሠራው፤ ስወጣ ዝናብ ይሁን ፀሐይ አላውቅም።

የኔን ጠረጴዛ የተረከበው አንድ ጨዋታ ወዳድ ሽማግሌ ነው፣ ዕድሜውን በዚህ ዕቃ የጨረሰ። ስለላክሁልሽ ኢርፎን አውርተን ነበር። ስለ ባትሪውም ስለ ምኑም ብዙ ነገር ነገረኝ። እሱን ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

እትዬ የላከችልኝን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። እንዲህ ዕረፍት አገኘሁ ማለቷ… ሚጡ፣ ባለሱቋ ቀን ቀን ብቅ እያለች ብታያት ምን ይመስልሻል? ዕቃ መቼም ዕቃ ነው። እትዬም አልፎ አልፎ እንደ ድሮዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ብትጣራ አይከፋም፤ ለሳንባ ጥሩ ነው ይባላል። ባለሱቋን እኔ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ በያት።

ጎማውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። በየመጠኑ ነው፣ የሚሆንሽን ምረጪ። ብርድ ልብስም ለእትዬ እልካለሁ፣ ሰው ሳገኝ።

ወንድምሽ
ሽቦ

ረስቼው፣ ደንበኛ እያነጋገርሽ ሳለ እትዬ ብትናገር ይሰማሻል? እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።


የካቲት 6

ሽቦ፣

ሰላምታውን ዛሬ ተወው። ማረፏን ባለሱቋ ደውላ ነግራሃለች። አንተም ደጋግመህ ደውለሃል፣ አላነሳሁም። እንዴት እንደሆነ ግን ከኔ ልትሰማው ይገባል።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ሰውዬ ደወለ። ፍሪጁ ይጮሃል። ምን ዓይነት ጩኸት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ጠይቁ ይላል መመሪያችን። «ራስሽ ስሚው» አለና ስልኩን ፍሪጁ ላይ አስጠጋልኝ። ሞተሩ እስኪነሳ እንጠብቅ አለኝ፣ ጠበቅን። ትሑት ሰው ነበር፣ አልተቆጣኝም። እኔ ቁጭ ብዬ የሰው ፍሪጅ ሲያጉረመርም ሳዳምጥ፣ እማዬ ውሃ ልታነሳ ስትንጠራራ ከአልጋዋ ወርዳ ወለሉ ላይ ነበረች።

ጥሪው አለቀ፣ ሌላ ገባ፣ ሌላ ገባ። በመሃል ጆሮዬ ነፃ ሲሆን ትንፋሿ ይሰማኛል። ተኝታለች አልኩ። ወሬ አልነበረም። የምትለውን ብላ ጨርሳ፣ እኔን እየጠበቀች ነበር።

ከሥራ ስመለስ አገኘኋት። ሲሚንቶው ላይ፣ በስስ ቀሚሷ፣ ዓይኗን ገልጣ። «መጣሽ?» አለችኝ። ገላዋ በረዶ ነበር። ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ብርዱ ሳንባዋ ገብቷል አሉ። ባለሱቋ ኮሪደሩ ላይ ደረቷን እየመታች «ከግድግዳው ማዶ ስኳር ስመዝን ነው የዋልኩት! አንዴ ብትጮህ፣ አንዴ ብቻ!» ትላለች። እማዬን እንዳትጮህ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ደብዳቤህን ያመጣችልኝ ባለሱቋ ናት፣ እዚያው ሐኪም ቤት። ስለ ጀርባህ አነበብኩ፣ ስለ መስኮቱ አነበብኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ያችን ጥያቄህን ደግሜ አነበብኳት። ለእማዬ ቅያሪ ልብስ ላመጣ ቤት ስሄድ ባለሱቋን አብሬ ወሰድኳት፤ አሮጌው ስልክ ካለበት ከእማዬ አልጋ አጠገብ አስቀመጥኳትና «ዝም ብለሽ አውሪ» አልኳት። እኔ ኢርፎኑን ከስልኬና ከባለሱቋ ስልክ ጋር አገናኝቼ፣ ሁለቱንም ይዤ ደጅ ወጣሁ። ባለሱቋ ስለ ዘይት መወደድ ስታወራ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ከዚያ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ በተነጋገርነው መሠረት ባለሱቋ ስልክ ላይ ደወለች፣ አነሳሁት። ባለሱቋ ጠፋች። ኮሽ የሚል ድምፅ የለም። ስዘጋው ባለሱቋ ከመሃል ቀጠለች፣ «…ታዲያ እኔ ምን ላድርግ» ስትል።

ከመሃል። ያኔ ገባኝ። ለካ እማዬ ሥራ እንደያዝኩ እየታወቃት ዝም እያለች አልነበረም። ዕድሜም አልነበረም። ስታወራ ነበር፣ ሁልጊዜም። ያንተ ዕቃ ሁለቱንም ይይዛል፣ የሚያሰማው ግን አንዱን ነው፤ ጥሪ ሲመጣ ሌላውን ይዘጋዋል። ስልኮቹን አየሁ። ሁለቱም ላይ «ተገናኝቷል» ይላል። ያን ቀንም ይል ነበር፣ እናንተ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ያልፍ ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ፣ አይሰማም። አንተ ግን ታውቅ ነበር። «እንዲሁ ነው የጠየቅሁት» አልክ። አንተ እንዲሁ የምትጠይቅ ሰው አይደለህም፣ ከልጅነትህ አውቅሃለሁ። ያ ሽማግሌ ነግሮሃል። ለሳንባ ጥሩ ነው አልክ! ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው! በሥራ ቀን አትደውል አልኩህ እንጂ እሁድ አትደውል አልኩህ? «ሚጡ ተሳስቻለሁ፣ እትዬ ትጩህ» ማለት ብቻ ነበር። አፍረህ ነው። ሽቦ አላወቀውም እንዳይባል። እኔም ከመሃል ስትጀምር ምነው ብዬ አንድ ቀን ሳልጠይቅ ቀረሁ፣ ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ልቤ አሯል። አንተን ልርገምህ ብል ያሳደገችህ እሷ ናት፣ ራሴን ልርገም ብል የወለደችኝ እሷ ናት፤ እርግማኑ ዞሮ ዞሮ እሷው ላይ ያርፍብኛል።

ብርድ ልብሱን አትላክ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከማረፏ በፊት በነበረው ጠዋት እማዬ ነቃ ብላ ነበር። እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀና ብላ «አልጮህኩም እኮ» አለችኝ። «እንደነገርሽኝ ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። ሚጡ፣ ወድቄያለሁ፣ ስትመጪ አትሩጪ፣ መኪና እያየሽ ተሻገሪ አልኩሽ። ሰምተሽኛል አይደል?»

ያን ሁሉ ሰዓት ለባዶ ቤት ነው ስታወሪ የዋልሽው ልበላት?

«ሰምቼሻለሁ እማዬ» አልኳት። «እየመጣሁ ነበር።»

በደህናው እጇ እጄን ጨበጥ አደረገችው።

«ታዲያስ» አለችኝ፣ «እኔም እየመጣች ነው ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት።»

ሚጡ